ሳሎናችን ውስጥ የተቀዘፈው ታንኳ

«በቆሰበር ብርድ ላይ ነፋስ የሚያመርት ማሽን!» አለች እናቴ። «የውጭው አልበቃ ብሎሽ ነው?»

እውነቷን ነው። የሠራሁት ነገር ሲዞር ነፋስ ያወጣ ነበር፤ ያውም ፊት ለፊት። እንጅባራን ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ እኛ ዛሬም ቆሰበር ነው የምንላት። ክረምቱ ከእኛ ጋ የሚወጣው ሌላው አገር መስቀልን አክብሮ፣ ልብሱን አጥቦ፣ አድርቆ ከጨረሰ በኋላ ነው። ጭጋጉ አንኳኩቶ አይገባም። ሰዉ ጋቢውን ቀን ይለብሳል፣ ሌሊት ይደርባል። እኔ ደግሞ እዚህ አገር፣ ሳሎን መሃል፣ በሽተኛ ፊት ላይ ነፋስ የሚነፋ ማሽን ተከልኩ።

ማሽኑ የመቅዘፊያ ማሽን ነው። ውሃም ታንኳም የለውም። ሰው ተቀምጦ እንደ ታንኳ ቀዛፊ ግራ ቀኝ እያለ እጁንና ትከሻውን የሚያሠራበት ነው። ፈረንጆቹ ለስፖርት ገዝተው ቤታቸው ያስቀምጡታል አሉ። እኔ ለአባቴ ሠራሁት፤ ከአሮጌ ሳይክል፣ ከቀርከሃ፣ ከባጃጅ ካላማዳሪያና ከብዙ ስድብ።

አባቴ ፈረሰኛ ነው። ፊት ለፊቱ አንቱ ስለው ነው የኖርኩት፤ እዚህ «እሱ» እያልኩ የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ ሳይሆን በአንቱታ እየጻፉ መሳቅ ስለማይሆንልኝ ነው። ይቅር ይበለኝ፤ ባይለኝም እቀጥላለሁ። እኛ አገር ፈረሰኛ ማለት ፈረስ የገዛ ሰው ማለት አይደለም። ለሠርጉም፣ ለለቅሶውም፣ ለበዓሉም በፈረስ የሚሄድ፣ ሚስቱን «አንቺ» እያለ ፈረሱን የሚያቆላምጥ ሰው ማለት ነው። አባቴ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ ከፈረሱ ጋር በአገውኛ ብቻ። እናቴ ከአማርኛ ሌላ ስለማትሰማ ሁለቱ ምን እንደሚባባሉ ዕድሜዋን ሙሉ አላወቀችም። «እኔን ነው የሚያሙኝ» ትላለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋው ልነሳ ቢል ግራ ጎኑ እምቢ አለው። ስትሮክ ነው አሉን። አፉ ትንሽ ተጣሞ ተመለሰ፤ እግሩንም እየጎተተ መራመድ ጀመረ፤ ግራ እጁ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ቀኝህ ተርፋልሃለች ብለን እናጽናናው ነበር። ፈረሰኛ ግን ዛቡን፣ ያን ከልጓሙ የሚመጣውን ጠፍር፣ የሚይዘው በግራው ነው። ፈረሱን የሚመራውም የሚያቆመውም በእሱ ነው። ቀኝ እጅ ለአለንጋና ለጉራ ነው።

ፈረሱ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ፣ ጓሮ ታስሮ መክረም ጀመረ። ይወፍራል፣ ይቆጣል፣ አጥር ይረግጣል። የአባቴ ታናሽ ወንድም ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ አካባቢ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ እሱም ፈረሰኛ ነው። አንድ ቀን ሊጠይቅ መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ እያፈረ እያፈረ ነገሩን አነሳው።

«ጋሼ፣ ፈረሱ እየተበላሸ ነው» አለ። «እኔ ልያዘው።»

«እስከ ጥር ታገሠኝ» አለው አባቴ። ጥር ላይ ፈረሰኛው ሁሉ ለብሶ፣ ፈረሱን አስጊጦ የሚወጣበት በዓል አለን። «ጥር ላይ በግራዬ ዛብ መያዝ ካቃተኝ ያንተ ነው። ብቻ ተኝቼ ሳለሁ ከጓሮ ጎትተህ እንዳትወስድብኝ። እንደዚያ የሚወሰደው የሟች ፈረስ ነው። እኔ አልሞትኩም።»

አጎቴ አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። እኔ ጆሮ ላይ የቀረው «ታገሠኝ» የሚለው ቃል ነው። አባቴ ማንንም ታገሠኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ባሕር ዳር ወሰድኩት። ሆስፒታሉ ውስጥ እጅና እግር የምታሠራዋ ወጣት ባለሙያ እጁን አገላብጣ አየችው፤ ጣቱን ጨመቀች፤ ክርኑን አጠፈች። «አልሞተም» አለችኝ። «ካልሠራ ግን ይሞታል። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፉትን አይተሻል አይደል? እንደዚያ በየቀኑ ይሳብ፣ ይግፋ።» እነሱ ጋ የሚሳብ ገመድ ያለው ማሽን ነበራቸው። ከእንጅባራ ባሕር ዳር በየቀኑ መመላለስ ግን ለጤነኛም አይሆንም፤ መንገዱ ሲያሻው ይከፈታል፣ ሲያሻው ይዘጋል።

ስንመለስ አባቴ ሚኒባሱ ውስጥ አኩርፏል። ዳንግላን ካለፍን በኋላ ነው አፉን የከፈተው።

«ልጅቱ ታንኳ ነው ያለችው?»

«እጅዎን ለማሠራት ነው አባየ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ኖሬ እግሬን ነክሬ አላውቅም። አሁን በስተርጅናዬ ታንኳ ነጂ ልሁን?»

ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ሳቀ። ረዳቱ «አባባ፣ የእንጅባራ መውረጃ ወደብ ላይ ነው ወይስ መናኸሪያ?» ብሎ ጨመረበት። አባቴ በደህና እጁ ሊመታው ተንጠራራ፤ ያን ያህል መንጠራራት ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ነበርና ደስ አለኝ።

እኔ መናኸሪያው አካባቢ የሳይክልና የባጃጅ ዕቃ እሸጣለሁ። ባል ነበረኝ፤ እሱ ሄደ፣ ሱቁ ቀረ፤ በልውውጡ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ዕቃ መሸጥ እንጂ ዕቃ መሥራት የእኔ ሙያ አልነበረም። ግን ብሎን ሲሸጥ የኖረ ሰው ብሎን የሚገባበትን ነገር ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩ። አንድ ሸበቶ ፈረንጅ ጋራዡ ውስጥ ሆኖ የመቅዘፊያ ማሽን ሲሠራ አገኘሁት። ኔትወርኩ መጣ ሄደ ሲል ሰውየው አፉን እንደከፈተ ይቀራል፣ እኔም አፌን ከፍቼ እጠብቀዋለሁ። ቋንቋውን ስለማልሰማ የማየው እጁን ብቻ ነው። አንድ ረጅም መቅዘፊያ አለ፤ በሁለቱም ጫፉ ገመድ ታስሯል፤ ገመዱ ፊት ለፊት የቆመ ጎማ ያዞራል፤ ጎማው ላይ ክንፎች አሉ። ክንፎቹ አየሩን ሲመቱ ጎማው ይከብዳል። እዚያ ማሽን ላይ ውሃው ነፋሱ ነው ማለት ነው። ገባኝ አልኩ።

ከአሮጌ ሳይክል የኋላ ቸርኬውን ከነጥርሱ ፈታሁ። ክንፎቹን ከዘይት ቆርቆሮ ቆረጥኩ፤ ሁለት ጣቴንም አብሬ ቆረጥኩ። ከሱቄ አጠገብ ያለው በያጅ ማቆሚያውን ከብረት በየደልኝ። የተሳበውን ገመድ መልሶ እንዲጎትት የባጃጅ ካላማዳሪያ፣ ያን ጎማ ውስጥ በአየር የሚነፋውን፣ በቀጭኑ ሰንጥቄ እንደ ላስቲክ አሰርኩበት። መቅዘፊያው ቀርከሃ ሆነ። እኛ አገር አጥሩም፣ ወንበሩም፣ አልጋውም ቀርከሃ ነውና ቀርከሃ ማግኘት ችግር አልነበረም።

መንገደኛው ሁሉ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ይገምታል። «ወፍጮ ነው?» ይላል አንዱ። «የለም፣ የማር መጭመቂያ ነው» ትላለች ሌላዋ። «እህል መንፊያ ነው፤ ነፋሱን አታዩም?» ብሎ የሚከራከርም ነበረ፤ እሱማ ሊገዛኝ ዋጋ ጠየቀኝ። አንድ ባጃጅ ነጂ ሲያልፍ ሲያገድም «ሄሊኮፕተሩ መቼ ነው የሚነሳው?» ይለኛል። አንድ ቀን በያጁ ሰልችቶት «ታንኳ ነው!» ብሎ ጮኸባቸው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀኝም፤ አእምሮዬ እንደተነካ ተስማምተው ነው መሰለኝ እንዲያውም በትህትና ሰላም ይሉኝ ጀመር።

ማሽኑን በጋሪ አስጭኜ ቤት አስገባሁት። ፊት ለፊቱ ዱካ አስቀመጥኩና «ይቀመጡ» አልኩት አባቴን።

«እዚህ ላይ? መሬት ለመሬት? እኔ ዶሮ ነኝ?»

«አባየ፣ ታንኳ ላይ የሚቀመጡት ዝቅ ብለው ነው።»

«ኮርቻዬን አምጡ» አለ።

ኧረ ይተዉ፣ ኧረ በስማም ብንለው ወይ ፍንክች። እኛ አገር ለከሰል የሚተከለውን የዲከረንስ እንጨት በምስማር መትተን ፈረስ የሚያህል ማቆሚያ ሠራን፤ ኮርቻው ላዩ ላይ ተጫነ፤ እርካቡ ግራ ቀኝ ተንጠለጠለ። ማሽኑንም ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። እናቴ ሶፋዋ ወደ ግድግዳ ሲገፋ እያየች «ቤቴ ጋጣ ሆኖ ቀረ» አለች። አባቴ ግን ኮርቻው ላይ ሲወጣ ወገቡ ቀጥ አለ። ግራ እጁ ቀርከሃውን መጨበጥ ስላልቻለ እናቴ መቀነቷን ፈትታ አሰረችለት። ከዚያ ሳበ። ጎማው ሹው አለ። ግድግዳው ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ተገለበጠ። እናቴ እየተራገመች ሹራብ፣ ጋቢ፣ ኮፍያ ደራረበችለትና ዓይኑ ብቻ ቀረ።

እኔ በደስታ እግሬ መሬት አልነካም። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ ሹው፣ ሹው። ጠዋት ሱቅ ከመሄዴ በፊት፣ ማታ ስመለስ፣ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ሳይታወቀኝ አፏጭ ነበር።

ወሬው ተሰማና ጠያቂው ጎረፈ። እኛ አገር በሽተኛ የሚጠየቀው ደህና መሆኑን ለማወቅ አይደለም፤ ደህና መሆኑን ለመንገር ነው። ጠያቂው ገና ደጃፍ ላይ ሆኖ «እሰይ! እሰይ! ፊትዎ ወዝ አወጣ!» ይላል፤ ገና በሽተኛውን ሳያየው። አንድ ጎረቤታችንን «ዛሬማ ተነስተው ሊሄዱ ነው» ብለን፣ ሳንቲም የማታህል ጥርጣሬ ሳይገባን፣ በማግስቱ ቀብረነዋል። እና አባቴን ኮርቻ ላይ ሆኖ ሹው ሹው ሲያደርግ ሲያዩትማ ምን ይበሉ! ሴቶቹ እልል ይላሉ። ወንዶቹ ይፎክሩለታል። ተራ እየያዙ እነሱም ይሞክራሉ።

የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ መጡ። ማሽኑን በሩቁ አማተቡበት። «ይሄ ነገር... ከበድ ያለ ኃጢአት የለበትም?» ብለው ጠየቁኝ። «ነፋስ ብቻ ነው አባ» አልኳቸው። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ኮርቻው ላይ ወጡና መሳብ ጀመሩ። ጥሩ ጉልበት አላቸው፤ ለካስ ልጅ ሳሉ ፈረስ ይጋልቡ ነበር። ነፋሱ የጥምጥማቸውን ጫፍ አገኘውና ይፈታው ጀመር፤ እሳቸው ይስባሉ፣ ጥምጥሙ ከኋላ ይረዝማል። እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ጓዳ ገባች። ሲወርዱ ላባቸውን እየጠረጉ አባቴን ባረኩና «እጅዎ ከእኔ ይበረታል፤ ድነዋል» አሉት።

አጎቴም መጣ። በሩ አጠገብ ተቀምጦ ወንድሙን ሲቀዝፍ እያየ ቆየ። እሰይ አላለም፣ ጎበዝ አላለም፤ የቀረበለትን በልቶ ሄደ። «ምቀኛ!» አልኩ በሆዴ። «ፈረሱ ሊቀርበት ነውና ከፋው።»

አንድ ቀን የእናቴ መቀነት ታጥቦ አልደረቀም። በዚያ ጭጋግ ምን ይደርቃል! አባቴ «ተይው፣ ያለ እሱ እይዘዋለሁ» አለ፤ ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል፤ የግራ እጁን ጣቶች በቀኝ እጁ አንስቶ ቀርከሃው ላይ አንጠለጠላቸውና ጀመረ። ሹው፣ ሹው። ጥቂት እንደሳበ ግራ እጁ ተንሸራተተና ጭኑ ላይ ወደቀ።

ማሽኑ አልቆመም። ድምፁም አልተለወጠም። ቀኝ እጁ ብቻውን ቀርከሃውን እየገፋ እየሳበ ግራውንም ገመድ ቀኙንም ገመድ ያስኬዳል። አንዲት ጎረቤታችን እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሞ ዓይኗ እያየ «እሰይ የኔ አንበሳ!» አለች፤ አፏ ለምዶ ነው።

መቅዘፊያው አንድ ወጥ እንጨት ነው። አንዱ እጅ ከሠራ ሌላው ታስሮ አብሮ ይመላለሳል፤ ሚኒባስ ላይ እንደተሳፈረ ሰው። ስንት ሳምንት እልል የተባለለት የአባቴ ግራ እጅ በእናቴ መቀነት ታስሮ ተሳፋሪ ሆኖ ነው የከረመው። ቀኝ ክንዱ ደንድኖ የበያጅ ክንድ መስሏል። እና ይህን ሁሉም ሰው አይቶታል፤ ዓይን ያለው ሁሉ! አንድም ሰው አልተናገረም። የበሽተኛ ፊት ላይ አልተሻለህም አይባልማ።

«ውጡ!» አልኩ።

«ምን?» አሉ።

«ተነሱ! ውጡልኝ! ሁላችሁም! እሰያችሁን ይዛችሁ ውጡ!»

ጠያቂ ማባረር እኛ አገር ተደርጎ አያውቅም። ሰዉ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። እናቴ «ወይኔ፣ ወይኔ ልጄ፣ ጎረቤት አሳጣሽኝ፤ ማን ሊቀብረን ነው?» እያለች ይቅርታ ለመጠየቅ ተከትላቸው ሮጠች። አባቴ ኮርቻው ላይ ቀረ።

«ያውቁ ነበር?» አልኩት።

«ምኑን?»

«እጅዎ እንደማይሠራ።»

«የኔ እጅ አይደል? ማን ሊያውቅልኝ ነበር?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም!»

«ይሄ ሁሉ ሰው ድኗል እያለ እኔ ማን ነኝና አልዳንኩም የምለው?» አለ። ከዚያ ጋቢውን ወደ አፉ ሳብ አድርጎ «አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር» አለኝ።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሲበቃኝ መጋዝ ይዤ ወጣሁ።

ቀርከሃውን ለሁለት ቆረጥኩት። ክንፎቹን ነቅዬ ጣልኩ፤ እናቴ ለዚያ ብቻ መረቀችኝ። ቸርኬውን ጣሪያው ወራጅ ላይ ሰቀልኩና ለግራ እጁ የራሱን ገመድ በላዩ አሳለፍኩ፤ በወዲያኛው ጫፍ ትንሽ ውሃ ያለባት ጀሪካን አሰርኩ። ቀኝ እጅ ኮርቻውን ብቻ ይይዛል። ግራ እጅ ካልሳበ ጀሪካኗ ከወለሉ አትነሳም። መደበቂያ የለውም።

አባቴ ኮርቻው ላይ ወጣ። እጁ ገመዱ ላይ ታሰረ። ሳበ። ምንም። ጥርሱን ነከሰ፤ አንገቱ ቀላ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ምንም።

«ቀርከሃውን ቆርጠሽ ጉዴን አወጣሽው» አለኝ። «አረመኔ! ከማን ነው የወጣሽው?»

«ከእርስዎ ነዋ! ይሳቡ!»

ጠያቂው መቼም አኩርፎ አይቀርም፤ መቅረት ነውር ነው። ጥቂት ቀን ቆይተው ተመለሱ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «ተሽሎዎታል የሚል ሰው አይገባም» አልኳቸው።

የንስሐ አባታችን ከፊት ነበሩ። «ታዲያ ምን እንበል ልጄ?» አሉ ተጨንቀው።

«ያዩትን አባ።»

ገብተው ተቀመጡ። አባቴ ሲስብ እያዩ፣ ጀሪካኗን እያዩ፣ መስቀላቸውን እያገላበጡ ቆዩ። በግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። በመጨረሻ «ንቅንቅ አላለችም» አሉ።

አባቴ ዘወር ብሎ አያቸው። ከዚያ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ ኮርቻው ላይ እስኪንገዳገድ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

ከዚያ በኋላማ ሰዉ እውነት መናገር ጣመው። ለካስ ታፍኖ የኖረ ነገር ነው! «ዛሬ ከትናንቱ የባሰ ነው» ይላል አንዱ ገና ሳይቀመጥ። «እጅዎ ሳይሆን ትከሻዎ ነው የሚስበው፤ አያታልሉን» ትላለች ያቺ የአንበሳዋ ጎረቤታችን። አንዳንዱማ ነገሩን አብዝቶ ስለ አባቴ ጥርስና ስለ እናቴ ወጥም እውነቱን መናገር ጀመረና እናቴ አስወጣችው። አባቴ በንዴት ይስባል። ስድብ ሲሰማ ይስባል፣ ጸሎት ሲሰማ ይስባል። ጣቶቹ መጀመሪያ ገመዱን አጥብቀው ያዙ፤ መቀነቱን አስቀረን። አንድ ጠዋት እናቴ እየጠረገች ሳለ ጀሪካኗ ከወለሉ ብድግ ብላ ተመለሰች። እናቴ መጥረጊያዋን አስቀምጣ ጆግ አመጣችና ውሃ ጨመረችባት።

ጥር ደረሰ። በበዓሉ ዋዜማ አጎቴ መጣ። የመሳቢያ ገመድ ይዟል፤ ከኋላው ደብቆታል። እያፈረ ቆመ።

«ጫኑልኝ» አለ አባቴ።

ቦራው ተጫነ። አባቴን ድንጋይ ላይ አቁመን፣ በያጁና አጎቴ ደግፈው ኮርቻው ላይ አወጡት። «ልጓሙን የነካ ሰው ዓይኔን እንዳያይ» አለ። ዛቡን በግራው ያዘ፤ ቀኙን ኮርቻው ላይ አኖረ፤ በአገውኛ አንድ ነገር አለው፤ ፈረሱ ጆሮውን አቆመ።

ስንት ወር ታስሮ የከረመ ፈረስ ነው። መጀመሪያ ረገጥ ረገጥ አለ፤ ከዚያ ሶምሶማ ጀመረ፤ ከዚያ መስኩን ሰንጥቆ ወደ አስፋልቱ ወረደ። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና ይመላለሳል። ሁላችንም እየጮህን ተከተልን። «በቀኝዎ ይያዙት! በቀኝዎ!» ትላለች እናቴ፤ ነጠላዋ ወድቋል። ቀኝ እጁ ደህና ናት፤ አንዴ ብትስብ ይቆማል። አላነሳትም። ወደ ኋላ ለጠጥ ሲል አየሁት፤ የግራ ክርኑ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጎኑ መጣ፤ ቀስ ብሎ፤ በጣም ቀስ ብሎ። የፈረሱ አንገት ተቀለሰ። አስፋልቱ ዳር ካለው ቦይ አፋፍ ላይ ቆመ።

እልልታው ቀለጠ። ጠያቂው ሁሉ፣ ያ እውነት የለመደ ጠያቂ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ድሮው ተመለሰ። «ነገ ከፊት ነው የሚጋልቡት! ማን ይደርስብዎታል!»

«አትዋሹ» አለ አባቴ። «ዛሬ ብቻውን ስለነበረ አቆምኩት። ነገ በዚያ ሁሉ ፈረስ መሃል ሲጋልብ አላቆመውም። ሰው እገድልበታለሁ።»

«ጋሼ» አለ አጎቴ፤ ገመዱን ከኋላው ጠቅልሎ ኮቱ ውስጥ እየከተተ። «ያዙት። እኔ ቸኩዬ ነው። ሌላ ዓመት...»

«አውርዱኝ።»

አወረድነው። እግሩን እየጎተተ፣ ፈረሱን በግራው እየሳበ፣ ወንድሙ ፊት ለፊት ደረሰና ቆመ። ዛቡን ዘረጋለት፤ በግራ እጁ። በግራ እጅ እኛ ክብሪት እንኳ አንሰጥም፤ ልጅ ሲሳሳት ይቆነጠጣል። እናቴ ከልማዷ «በቀኝ...» ብላ ጀምራ አፏን በመዳፏ ያዘች። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዛቡም አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አልለቀቀውም።

«እንካ» አለው።

አጎቴ ኮፍያውን አወለቀ። ጎንበስ አለና በሁለት እጁ ተቀበለው።